ጎረቤታችን የማትላት ቃል

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንም ሰው ስም አይነሳም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ደርግ ከሄደ ቆይቷል፤ የማወራላችሁም ሰዎች ቢሰሙኝ ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። የሰው ስም ሳያነሱ ስለ ሰው አሳምሮ ማውራት እንደሚቻል ያሳየችኝ ጎረቤታችን ናት። ስለዚህ ስለ እሷ ስጽፍ በእሷ ደንብ ልጻፍ ብዬ ነው።

ነገሩ በአንዲት አጭር ቃል ዙሪያ ነው፤ "ዋ" በምትባል። ከዚህች ያጠረ ቃል እስካሁን አላጋጠመኝም። አንድ ፊደል ናት። አፍ ከፈት ሲል ትወጣለች፤ አለቀ።

እኛ ቤት "ዋ" የእናቴ ንብረት ነበረች። እናቴና አባቴ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ናቸው። አባቴ አስተማሪ ሆኖ አዋሳ ተመድቦ፣ ያኔ ከተማችንን "አዋሳ" ብለን ነበር የምንጽፋት፣ አዲስ ከተማ ውስጥ በቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። እናቴ ብዙ አታወራም፤ አትማታም። ጠቋሚ ጣቷን አንስታ "ዋ!" ካለች ግን በቃ። ወደ ሐይቁ ስንሮጥ "ዋ!"፤ ወንድሜ አጥር ላይ ሲንጠላጠል "ዋ!"፤ እኔ ከትምህርት ቤት አምሽቼ ስገባ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ኋላ፣ ዋ!" ትለኛለች። ይሄኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ኋላ ምን እንደሚመጣ አይታወቅማ። እውነቱን ለመናገር ምንም መጥቶ አያውቅም። እኛ ግን ያቺን ቃል እንፈራት ነበር።

ካጥራችን ማዶ ጎረቤታችን ትኖራለች። ሲዳማ ናት፤ ከገጠር ተድራ ነው ወደ ከተማ የመጣችው። እኛ ልጆች "እትዬ" እንላታለን። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ከልጆቿ ሌላ የባሏ አባት አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው፤ "አባባ" እንላቸዋለን። እትዬ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርዳ፣ አስጋሪዎቹ ያመጡትን ዓሣ ትበልታለች፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገፍፋ ሥጋውን ብቻ፣ ፊሌቶውን፣ ታወጣለች። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ከበዋት አንጀት እስክትወረውርላቸው ይጠብቃሉ። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እጇ በቀዝቃዛ ውሃ ነጭቶና ተጨማዶ ነው የሚመጣው። እናቴ ያን እጅ ባየች ቁጥር ቅባት ይዛ አጥሩ ጋ ትሄዳለች።

ሲዳምኛ የተማርኩት ከእትዬ ልጆች ጋር ስጫወት ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ቃል "ዋ" ነው። ሮጠን ሮጠን ስንጠማ ልጆቹ ወደ ቤታቸው እየገቡ "ዋ! ዋ!" ይሏታል። እኔ እናታቸውን የሚያስፈራሩ መስሎኝ ደንግጬ ቆምኩ። እኛ ቤት እንዲህ ቢባል ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። እትዬ ግን ሳቅ ብላ በጣሳ ውሃ ይዛላቸው ወጣች። ለካ በሲዳምኛ "ዋ" ማለት ውሃ ነው። ለእናቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን አንስታ ሳለች ሳቋ መጣ።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። እትዬ ውሃውን ስትሰጠን "ዋ" አትልም። "ቢሻን ጠጡ" ነው የምትለው። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው። ያን ጊዜ ምክንያቱን አልጠየቅኩም፤ ዘመዶቿ ወደ ሻሸመኔ በኩል ይሆናሉ ብዬ አለፍኩት። ልጆቿ በሲዳምኛ ይጠይቋታል፤ እሷ በኦሮምኛ ታጠጣቸዋለች፤ እናቴ ካጥሩ ወዲህ በአማርኛ "ዋ!" ትለናለች። እንዲህ ባለ ሰፈር ነው ያደግኩት፤ እንዲህ ባለ ሰፈር በማደጌም ደስ ይለኛል።

አባቴ ቃል ይወዳል። ቤተ ክህነት ቀመስ ነው፤ ዘመናዊውን ትምህርት ሳይጀምር በፊት ግዕዝ ተምሯል። ያቺን "ዋ" እንደ ጨዋታ ያዛትና ማታ ራት ላይ ያገላብጣት ጀመር። ከሻሸመኔ ወተት የምታመጣልን ሴት "ዋ ቶኮ" ስትል "አንድ ነገር" ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ "ዋ" ነገር ናት። ባለ ሱቁ የስልጤ ሰው "ወላሂ" ሲል መጀመሪያ ላይ ያለችው "ወ" በዓረብኛ መማያ ናት፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ "እና" ማለት ናት አለን። በግዕዝም "ወ" "እና" ናት፤ ብቻ ድምጿ አጠር ይላል። በመሃል ከተማ ጋራዥ ያለው፣ ከጣሊያን ጋር ሠርቶ ያረጀው መካኒክ ደግሞ መኪና ሲያስገፋ "ቫ! ቫ!" ይላል፤ "ሂድ" ማለቱ ነው። አባቴ እሷንም ወደኛዋ ሊያስጠጋት ሞከረ። እናቴ "እሷስ ትቅር፣ ከንፈር ተነክሶ ነው የምትባለው" ብላ ከለከለችው። ከዚያ ደግሞ አማርኛ ራሱ "ዋ"ን ከቃል ጫፍ ላይ እንደሚያንጠለጥላት አስታወሰ፤ "ልጅዋ"፣ "ስምዋ"። "እዚህ ጋ የእሷ ማለት ናት። አያችሁ፣ ባለቤት ሆነች!" አለ። አባቴ ሲደሰት እንዲህ ነው።

ከሁሉ ያስገረመችው ግን ውሃዋ ናት። "ግዕዝ ውሃን ማይ ይላል" ይላል እንጀራውን ትቶ። "ታዲያ እኛ አማሮቹ ውሃ የምትለውን ከየት አመጣናት? ከግዕዝ አልወረስናትም። ሲዳማው ዋ ይላል፣ እኛ ውሃ እንላለን። ከአንዱ ጎረቤት ተበድረን ጠጥተን መመለሱን ረስተን ይሆናል።" እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አባቴም አያውቅም። ግምት ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ እንዲህ ያለ ግምት መገመት ግን ደስ ይላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያልቆጠረውን ያስተምር ነበር። ሲዳምኛ ስለምችል የሲዳምኛውን ክፍል ሰጡኝ፤ መጽሐፉ በእኛው ፊደል የተጻፈ ሲዳምኛ ነው። ክፍላችን የቀበሌ አዳራሽ ነበር፤ ከፊቱ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከመስኮቱ ሐይቁ በሩቁ ይታያል። ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፤ ጉልት ነጋዴዎች፣ አናጢ፣ ጥበቃ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጠመኔ ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ፤ "መምህርት" ይሉኛል። እንዴት እንደምኮራ!

የመጀመሪያው ቀን እትዬና አባባ ተከታትለው ገቡ። አባባ የፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ እትዬ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጡ። አባባ የመጡበትን ምክንያት ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣታቸው ነው የፈረሙት። ገበሬ ማኅበር ሄዱ፣ ጣት፤ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ጣት። አውራ ጣታቸውን አውጥተው አሳዩኝ። "ይቺ ጣት ሰልችቷታል፤ ቀለሟ ሳይለቅ ወደ መቃብር አልወርድም። ስሜን በእጄ እጽፍና ያን ወረቀት ግድግዳዬ ላይ እሰቅላለሁ" አሉ። ገጠር ላሉት እኩዮቻቸውም ተናግረው ስለነበር ወደኋላ ማለት አይቻልም።

የእትዬ ጉዳይ ሌላ ነው። የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ይፈልግ ነበር፤ የመጣውን ዓሣ መዝኖ፣ ጽፎ፣ ለገዢ አንብቦ የሚያስረክብ። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የምስክር ወረቀቱን የያዘ ይሁን ብለዋል። ሚዛኑ ጥላ ስር ነው። እጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ አይገባም። እትዬ ያቺን ቦታ እንዴት እንደምትፈልጋት ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። "ማታ ማታ እጄ ልጆቼን አይዝልኝም፤ ጣቶቼ አይታጠፉም" አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬን ማሳለፍ የኔ ጉዳይ ሆነ።

እሷ ደግሞ ፈጣን ናት። አንዴ ያየችውን ፊደል አትረሳም። አባባ "ለ"ንና "ሰ"ን ሲያምታቱ፣ እሷ ከኋላ ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጨርሳ ትጠብቃቸዋለች። አንድ ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉ ነገር ተቀየረ። ገጹ ላይ እንስራ ያዘለች ሴት ተስላ ከሥሯ "ዋ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ቀጥሎም ይቺ ቃል ያለችባቸው ዓረፍተ ነገሮች። ሁሉም ተራ በተራ አነበቡ። ተራው እትዬ ጋ ሲደርስ ሳል ያዛት። በማግስቱም ያዛት። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። አይኗ ደክሞ እንደሆነ ብዬ ከፊት አስቀመጥኳት፤ ባሰባት። ከአባባ አጠገብ ሆና እንደ ሙሽራ ተሽኮረመመች። ሌሎቹ ሴቶች እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ፤ ማንም አይነግረኝም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል "የሽማግሌው ስም ማን ነው?" አለችኝ። ስም ጥሪ ላይ በየቀኑ ስለምጠራቸው ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋን ፊደል አውጥቼ ቆምኩ። ዋ ናት። እናቴ ምስሩን አስቀምጣ አየችኝ፤ "እንግዲህ" አለች፤ "ምራት አይደለች? የባሏን አባት ስም እንዴት ትጥራ!"

እናቴ ይሄን ወዲያው የገባት በራሷ ስለለመደችው ነው። አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። "እሱ" ነው፣ "ሰውዬው" ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆን "አንተዬ" ነው። ወንድሜ ትንሽ ሆኖ አባትህ ማን ይባላል ሲሉት "ሰውዬው" ብሎ ሰፈር ሲስቅ ከርሟል። የሲዳማዋ ምራት ግን ከእናቴ ትበልጣለች። ስሙን ብቻ ሳይሆን የስሙን መጀመሪያ ድምፅ፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ከአፏ ታስወጣለች። ባሊሻ ይሉታል። አክብሮት ነው። እትዬ ይሄን ካገባችበት ቀን አንስቶ ሳትሰናከል ይዛዋለች። የሚሄዱበት ጸሎት ቤት ግድ አይልም፤ እሷ ግን "ይሄ የሃይማኖት ነገር አይደለም፣ የአባወራ ክብር ነው" ትላለች።

አሁን ሁሉ ነገር እየተገለጠልኝ መጣ። ለካ ቢሻን ያለችው ለዚህ ነው። ለካ ነጭ ነገር በሲዳምኛ ስትጠራ "የወተት መልክ" የምትለው፣ ነጭ "ዋጆ" ስለሆነ ነው። "ዋጋ" የሚለውን ቃል በሲዳምኛም በአማርኛም አትለውም፤ ገበያ ላይ "ስንት ትላለህ?" ብላ ታልፈዋለች። ከአዳራሹ ፊት ያለውን ዋርካ "ትልቁ ዛፍ" ነው የምትለው። ልጇ የቀበሌውን የእግር ኳስ ዋንጫ ሲያገኝ "ያን የሚያብረቀርቅ ኩባያ አመጣ" ብላ ነበር የነገረችን። ከተማችን ራሷ ለጥቂት ተረፈች፤ ከፊቷ "አ" ባይኖር ኖሮ እትዬ የምትኖርበትን አገር ስም የምትጠራበት አፍ አይኖራትም ነበር። አባባንም በምንም አትጠራቸውም። ስትፈልጋቸው ከኋላ አትጣራም፤ ዞራ ፊታቸው ትቆምና እስኪያዩዋት ትጠብቃለች።

እናቴ በዚያው ምሽት ነጠላዋን አጣፍታ ካጥሩ ማዶ ተሻገረች፤ እኔም ተከተልኳት። "ስንት ዓመት ሙሉ የአማትሽን ስም ጫፍ ስጮህብሽ ኖርኩ፤ ይቅር በይኝ" አለቻት። እትዬ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እናቴ ጣቷን አንስታ የተለመደውን ልታሳያት ስትል ገብቷት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "አንቺ ምራት አይደለሽም! ላንቺ ማን ከለከለሽ? እንዲያውም ስሰማሽ ደስ ይለኛል። እኔ የማልላትን አንቺ ትይልኛለሽ" አለቻት። እናቴ ግን ልትተዋት ቆርጣ ነበር። ለሁለት ሳምንት "ዋ!" በማለት ፈንታ "ተው!" አለችን። አልፈራናትም። ወንድሜ አጥሩን ዘሎ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ "ዋ!" ተመለሰች።

እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ገጠመኝ፤ ፈተና መጣ። ፈታኝ ከሌላ ቦታ ይላካል፤ እያንዳንዱን ተማሪ እየጠራ ድምፅ አሰምቶ ያስነብባል፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስጽፋል። እትዬን ያቺ ገጽ እንዳትደርሳት ስጸልይ ሰነበትኩ። ፈታኙ ቦርሳ የያዘ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲዳምኛ ባይችልም ፊደሉን በመጽሐፉ ላይ እየተከተለ ነው የሚፈትነው፤ ክፉ አይደለም፤ ሌላ ሁለት ቀበሌ ስለሚጠብቀው ግን ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል። ሲገባ "ጓዶች" አለ፤ ሁሉም ተነሳ። "ከፈተና ክፍል የወጣ አይመለስም" ብሎ ጀመረ። ጉልት ነጋዴዎቹ አለፉ። አናጢው አለፈ። ከዚያ እትዬን ጠራ፤ ከእሷ ቀጥሎ ተራው የአባባ ነበር። መጽሐፉን ገለጠና ጣቱን አንድ ገጽ ላይ አሳርፎ ሰጣት። ገጹን ከቆምኩበት አየሁት። እንስራ ያዘለችው ሴት ናት።

እትዬ መጽሐፉን ያዘች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

"ጓድ፣ እባክዎን ሌላ ገጽ ይስጧት" አልኩ።

"ይሄን አትችልም ማለት ነው?"

"ትችላለች። ባህላቸው ነው፤ ምራት ስለሆነች..." ብዬ ስለ ባሊሻ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አባባ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን ሳልነካ ስለ ስማቸው ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። "ጓድ መምህርት፣ ኋላቀር ልማድን ለማጥፋት አይደለም እንዴ የምንለፋው? ዛሬ እሷን ባሳልፋት ነገ ሁሉም ያላጠናውን ገጽ ባህሌ ነው ይለኛል። ታንብብ፤ ካላነበበች ግን ወድቃለች።" እውነት ለመናገር ሰውዬውም ከራሱ በኩል ልክ ነበር። የእትዬን እጅ አየሁ፤ መጽሐፉን የያዙት ጣቶች አልታጠፉም። ያቺ ጥላ ስር ያለችው ሚዛን እየራቀች ስትሄድ ታየችኝ።

አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "አንብቢ ልጄ፤ እኔ ፈቅጃለሁ" አሏት በሲዳምኛ። እትዬ አንገቷን አቀርቅራ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ፈቃድ መስጠት የእሳቸው ነው፤ ማክበር ግን የእሷ ነው፤ እሳቸው እየሰሙ አፏ እንዴት እሺ ይበላት? አባባም ይሄ አልጠፋቸውም። ባርኔጣቸውን ከአግዳሚው አንስተው ደፉና ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

"አባት፣ ነግሬዎታለሁ" አለ ፈታኙ ተነስቶ፤ "ከወጡ አይመለሱም። ቀጥሎ እርስዎ ነዎት፣ ፈተናው ይቀርብዎታል።"

አባባ በሩ ላይ ዞር አሉ። "ይቅር" አሉ። "ጆሮዬ እዚህ ካለ እሷ አታነብም። ስለዚህ ጆሮዬን ይዤ ልውጣላት።"

ወጡ። እኔ ተርጉሜ ለፈታኙ ነገርኩት፤ ሰዓቱን ማየት ተወ። ሁላችንም በመስኮቱ እናያቸው ጀመር። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ጉልበታቸው አንዱ አይታዘዝላቸውም። በሩ አጠገብ ይቆማሉ ብዬ ነበር፤ አልቆሙም። ደረጃውን ወረዱ፤ ግቢውን አቋረጡ። ከዋርካው ሥር ሲደርሱ ቆመው ለራሳቸው ያሰሉ መሰለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ራቅ አሉ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ በይ እንግዲህ ማለታቸው ነው።

እትዬ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። "ዋ" አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ካገባች ጀምሮ ያቺን ቃል ስትል የሰማት የለም፤ ገና ያላገባች ልጃገረድ ናት የተናገረችው። ከዚያ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳታቋርጥ አነበበችው። እያነበበች እንባዋ ይወርዳል። ፈገግታም አላት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። እኔማ ጠመኔዬን ሰብሬው ኖሯል። ፈታኙ "በቂ ነው" አለ፤ ምልክቱን አደረገላት፤ ከዚያ በመስኮቱ ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ደንቡ ደንብ ነውና አልጠራቸውም፤ ሲወጣ ግን ወደ ዋርካው ሄዶ ባርኔጣውን አውልቆ ጨበጣቸው።

እትዬ ሚዛኑን አገኘች። አሞራ ገደል ስወርድ ጥላው ሥር ቆማ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ገዢዎቹን ስታዝዝ አያታለሁ። "ዋጋውን ንገሪኝ" ሲሏት አሁንም "ስንት ነው ብለህ ጠይቀኝ" ትላለች። እጇ ዳነ። እናቴ ቅባቱን ጠመኔ ላደረቀው እጄ አዛወረችው።

አባባ ደግሞ ከሀ ጀመሩ። ቀጣዩ ዙር ሲከፈት ከማንም ቀድመው ገብተው ያው የፊተኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ካልሰለቸኋችሁ እናንተ አልሰለቻችሁኝም" አሉኝ። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ምራታቸው ታስጠናቸዋለች፤ "ለ"ንና "ሰ"ን የለየችላቸው እሷ ናት። እንስራ ያዘለችው ሴት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን መጽሐፉን ታጥፍና "ይሄን መምህርት ታሳይዎት" ትላለች። ያቺን አንድ ገጽ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። በስማቸው መነሻ ስለሆነች ሳይሆን አይቀርም፣ ከሁሉም አስበልጠው ያነቧታል፤ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

አልፈው የምስክር ወረቀቱን የተቀበሉ ቀን ቀጥታ ወደ ቤት አልገቡም። "ነይ ወደ ሐይቁ ውሰጂኝ" አሉኝ። ሁለታችን ቀስ እያልን አሞራ ገደል ወረድን። እትዬ የመጨረሻውን ቆሮሶ መዝና ሚዛኑን እያጠበች ነበር። አባባ ዞረው ፊቷ ቆሙ፤ እሷ ለእሳቸው ስታደርግ እንደኖረችው። ወረቀቱን ዘረጉላት። ከግርጌው ላይ ራሳቸው በእጃቸው፣ ፊደሎቹ አንዱ ካንዱ ተራርቀው፣ ስማቸውን ጽፈዋል። የጣት አሻራ የለም።

እትዬ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ዝቅ አድርጋ አየችው። ስሙን ከመነሻው እስከ መድረሻው በአይኗ ስትከተለው አየሁ፤ ከንፈሯ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም። በአፏ ልትነካው የማትችለውን ነገር እንዲህ በጸጥታ፣ ማንንም ሳታስቀይም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበችው። አባባ ከዘራቸው ላይ ጎንበስ ብለው በአይናቸው እየሳቁ "እሺ፣ ምን ይላል?" አሏት።

እትዬ ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባቴ ይላል" አለቻቸው።